የመቀመጫው ሥር

ወንበሯ እግሮቿን ወደ ላይ ሰቅላ በትልቁ ስክሪን ላይ ተንጋላለች። አራቱም እግሮች ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተተክለዋል፤ መደገፊያው ደግሞ ከታች ተንጠልጥሏል። የዲዛይን ክፍሉ ልጆች አውካኩ።

«የሞተች በረሮ!» አለ ከኋላ አንዱ።

«ለሰርከስ ነው እንዴ የተሠራችው?»

እርማት ፊቷ ጋለ። እርማት የወጣላት ሳይሆን የወጣባት ስም ነው፤ የሰው ፊደል ካላረመች እንቅልፍ ስለማይወስዳት ክፍሉ በሙሉ እንዲህ ይጠራታል። ከጎኗ የቆመችው ጓደኛዋ ቱርቦ ናት፤ እሷ ደግሞ ስሟን ያገኘችው ከምላሷ ፍጥነት ነው። ሁለቱ ይህችን ወንበር በኮምፒውተር ሲነድፉ ከርመዋል። ነገ ጠዋት ርእሰ መምህሩ ከአንድ የቤት ዕቃ አምራች ጋር መጥተው ያዩዋታል። የተመረጠው ንድፍ ለታናናሾቹ ክፍሎች በእንጨት ይሠራል፤ የነደፉትም የዕረፍት ጊዜያቸውን በአምራቹ ወርክሾፕ እየተማሩ ያሳልፋሉ። እርማት ስለዚያ ወርክሾፕ ማለም ከጀመረች ቆይታለች።

«ትናንት ጠዋት እኮ ትሠራ ነበር» አሉ መምህርቷ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው። «ከዚያ ወዲህ ፋይሉን ማን ነካው?»

እርማት አፏን ሳትከፍት ቱርቦ ቀደመቻት።

«ጣቶ ነው ቲቸር!» ጣቷን ወደ መስኮቱ ቀሰረች። «ትናንት መሸት ሲል ከኛ በኋላ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ነበር። የኛን ፋይል ከፍቶ ሲነካካ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።»

መስኮቱ ሥር የተቀመጠው ልጅ ቀና አለ። በርግጥ ጣቱ አያርፍም፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ያልፈታው ማውስ፣ ያልነቀለው ኪቦርድ የለም። መልሶ መግጠሙን ግን ማንም አይቆጥርለትም።

«እኔ የራሴን ነው ስሠራ የነበረው» አለ። «ፋይላችሁን አልከፈትኩም።»

«ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይክዳል!» አለች ቱርቦ።

መምህርቷ በረጅሙ ተነፈሱ። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ጣቶ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ እንዳይገባ ነገሩት። የራሱ ሥራ፣ አንድ ታጣፊ መደርደሪያ፣ ነገ ከሌሎቹ ጋር መታየት ነበረበት። ልጁ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። እርማት አላዘነችለትም። እሷም አምናዋለች፤ እንዲያውም በሆዷ «እሰይ!» ብላለች።

ወንበሯ ተራ ወንበር አልነበረችም። የቁመቷን ቁጥር ሲቀይሩት ፕሮግራሙ ክፍሎቿን እንደ አዲስ ስሎ ራሱ ይገጣጥማታል፤ ለትንሽ ልጅ ትንሽ፣ ለትልቅ ልጅ ትልቅ። መጀመሪያ ሰሞን የክፍሎቹን የሚገናኙ ገጾች፣ ማለትም ጎኖቻቸውን፣ በማውስ እየጠቆሙ ነበር የሚያያይዟቸው፤ ይሄ ገጽ ከዚያኛው ጋር ይጣበቅ እያሉ። ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር ግን ፕሮግራሙ የተጠቆመለትን ገጽ ያጣዋል፤ ወንበሯም ትበታተናለች። ያኔ መምህርቷ ሳቁባቸው።

«በጣት አታሳዩት» አሉ። «በጣት ያሳያችሁት ነገር ቦታውን ሲለቅ ይጠፋል። ስም አውጡለትና በስሙ ጥሩት። ቢያድግም ቢያጥርም አቤት ይላል።»

ስለዚህ ስም አወጡ። እርማት ክፍሎቹን ትስልና ለየገጻቸው ስም ትሰጣለች፤ ቱርቦ ደግሞ በእነዚያ ስሞች እየጠራች ለፕሮግራሙ ትእዛዝ ትጽፋለች። የእግሩን ራስ ከመቀመጫው ስር ጋር ግጠም። መደገፊያውን ከኋላው ጠርዝ ጋር ግጠም። ወንበር ሲባል እግርና ጀርባ እንዳለው ሁሉ፣ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳም «አይን» ተባለ። ስሞቹን ቱርቦ ሰሌዳ ላይ ጻፈቻቸውና ተስማሙባቸው።

ከትምህርት ቤት መልስ እርማት አባቷ ሱቅ ገባች። አባቷ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጻፊ ነው። የፊደል ነገር የተጋባባትም ከእሱ ነው፤ ሌላው ልጅ ተረት እየሰማ ሲያድግ እሷ የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባ እየሰማች አደገች። አሁን ለአንድ ጸጉር አስተካካይ ሰሌዳ እየጻፈ ነበር። አየችና ደነገጠች።

«አባዬ! በፀሐዩ ፀ ጻፍከው?»

«ጻፍኩት።»

«በጸሎቱ ጸ ነው የምትለው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«አሁንም እላለሁ።» ብሩሹን በጨርቅ ጠረገው። «ሰውዬው ግን በሩ ላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ ፎጣው ላይ ሳይቀር በፀሐዩ አጽፏል። እኔ ሰሌዳውን ብቻ ባርምለት አንዱን ቤት ሁለት አደረግኩበት ማለት ነው። በይ ያንን ጠርሙስ አቀብይኝ።»

እርማት ጠርሙሱን አላቀበለችውም። ባለችበት ደርቃ ቀረች።

ትናንት ከሰዓት፣ ቱርቦ ለአፍታ ወጣ ባለችበት፣ ሥራውን ለመጨረሻ ጊዜ ስታየው «ስር» የሚለው ስም ዓይኗን ወግቷት ነበር። ሥር እኮ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው! «አይን»ም እንደዚሁ፤ ዓይን በዓይኑ ዐ ካልተጻፈ ምን በእሱ ሊጻፍ ነው? የቤት ዕቃ አምራቹ ቢያየው ምን ይላል? የሳለቻቸው ክፍሎች ላይ ያሉትን ስሞች ሁሉ አረመቻቸው። ለቱርቦ አልነገረቻትም፤ ሲነበብ ያው ነው ብላ። ያው ስለሆነም መልሳ አልሞከረችውም።

ሲነበብ በርግጥ ያው ነው። ኮምፒውተር ግን ጆሮ የለውም። የቱርቦ ትእዛዝ ገጹን በእሳቱ ሰ ይጠራል፤ መቀመጫው ላይ ያለው ስም በንጉሡ ሠ ነው። ፕሮግራሙ የተጠራውን ሲያጣ ደግሞ «የለም» ብሎ አይጮህም፤ መጀመሪያ ያገኘውን ገጽ ይወስዳል። መጀመሪያ ያገኘው የመቀመጫውን የላይ ገጽ ነበር፤ የመደገፊያው «አይን»ም ስለጠፋበት ከታች አንጠለጠለው። ጣቶ ምንም አልነካም። የነካካችው እሷ ናት።

«ምን ሆንሽ?» አለ አባቷ።

«ምንም» አለች። ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ቱርቦ ቤት ሮጠች።

ቱርቦ ታሪኩን ቤቷ በር ላይ ቆማ ሰማችው። መጀመሪያ ሳቀች፤ «አንቺና ፊደልሽ!» አለች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«ቆይ፣ አይቼዋለሁ ብለሽ አልነበር?» አለች እርማት። «ፋይላችንን ሲከፍት?»

«ኮምፒውተሩ ላይ አይቼዋለሁ። ያው ነው።»

«ያው አይደለም።»

«ታዲያ ማን ይሆናል ብዬ ልጠርጥር? አንቺን?» ቱርቦ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ። ነገ በጠዋት ገብተሽ ፊደሎቹን መልሺያቸው። ወንበሯ ትሠራለች፤ ማንም ምንም አይጠይቅም። ከተናገርሽ ግን አንቺ አበላሺ፣ እኔ ውሸታም። እንደኛ ዓይነቱን ማን ወርክሾፑ ያስገባል?»

«ጣቶስ?»

«ጣቶ ለምዶታል። በናትሽ ፋራ አትሁኚ።»

እርማት ወደ ቤቷ ስትመለስ ከራሷ ጋር ስትሟገት ሄደች። ቱርቦን ትወዳታለች። እርማት አዲስ ተማሪ ሆና በመጣች ጊዜ ማንም ሳያናግራት ጎኗ ተቀምጣ ምሳዋን ያካፈለቻት ቱርቦ ናት። «ለምዶታል» የሚለው ቃል ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። እውነት ነበርና። መብራት ሲጠፋ ጣቶ ነው፤ ፕሪንተር ሲበላሽ ጣቶ ነው። እሷ ራሷ ስንቴ ብላዋለች! ሲሉ ሰምታ ነው እንጂ አንድም ጊዜ አይታ አይደለም።

በማግሥቱ ስትመጣ ጣቶ ኮሪደሩ ላይ ነበር፤ ከክፍሉ በር ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። መደርደሪያውን በእርሳስ በትልቅ ወረቀት ስሎት ጭኑ ላይ ዘርግቶታል፤ ምናልባት ቢያዩለት ብሎ ነው። መስመሮቹ ንጹሕ ነበሩ። እርማትን ሲያይ አቀረቀረ፤ እሷም ሰላም ሳትለው ገባች።

ኮምፒውተሩን ከፈተች። ሥርን አጥፍታ ስር ብላ ጻፈች፤ አንጀቷ እያረረ፣ ግን ጻፈች። ዓይንን አይን አደረገችው። ትእዛዙን ስታስኬደው እግሮቹ ተራ በተራ ወርደው ከመቀመጫው በታች ገቡ፤ መደገፊያው ተነሣ፤ ወንበሯ ቆመች። ቁጥሩን ስትጨምረው አደገች። ስትቀንሰው አጠረች። እንዴት እንደምታምር! እርማት ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ተማሪዎቹ ቦታቸውን ያዙ። መምህርቷ ከርእሰ መምህሩና ከአምራቹ ጋር ገቡ፤ ቱርቦም ከኋላቸው እያለከለከች ደረሰች።

«እሷ ናት ያላችሁኝ ወንበር?» አለ አምራቹ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ። «ጎሽ! ጎሽ!»

«ተስተካከለች እኮ!» አሉ መምህርቷ ደስ ብሏቸው። «ምን ሆና ኖሯል?»

ቱርቦ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመመለስ አልቸኮለችም። እርማትን ብቻ አየቻት፤ ተይ የሚል፣ ልመና ያለበት አስተያየት ነበር።

እርማት ወደ ሰሌዳው ሄዳ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ጻፈች። ሥር። ስር።

«ይቺ ናት» አለች። «በስሞቹ ከተስማማን በኋላ እኔ ብቻዬን አረምኳቸው። ለማንም አልተናገርኩም። ፋይሉን ሌላ ሰው አልነካውም ቲቸር።»

አምራቹ ሁለቱን ቃላት አየ፤ ከዚያ ወንበሯን። መምህርቷ ወደ ቱርቦ ዞሩ።

«አንቺስ? በዓይኔ አይቼዋለሁ አላልሽም?»

ይህን እርማት ልትመልስላት አልፈለገችም። የቱርቦን ቱርቦ ትመልስ። መልሱን ሳትጠብቅ በሩን ከፍታ ወጣች።

ልጁ አሁንም አግዳሚው ላይ ነው። በጣቷ ልትጠቅሰው እጇን አነሣችና መልሳ አወረደችው። «ጣቶ» ልትለውም ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ቤተሰቦቹ ያወጡለትን፣ መምህራን ተማሪ ሲቆጥሩ ብቻ የሚሰማውን ስም አስታወሰች፤ በዚያ ስም ጠራችው።

ልጁ ማን እንደተጠራ ለማየት ኮሪደሩን ግራና ቀኝ ቃኘ። ከእሱ ሌላ የሚጠራ ማንም አልነበረም።

«አቤት?» አለ።