አንድ ስንዝር የተረፈው ሸራ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የቆማችሁ ተቀመጡ። ረጅም አይደለም፤ ግን ቆመው የሚሰሙት ወሬ አይደለም።

የምነግራችሁ ነገር የሆነ ነው። ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግማሹን ከባለ ጉዳዩ አፍ ሰምቻለሁ። ወላሂ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ደሴ፣ ሆጤ። ያለፈው ዓመት ሐምሌ፣ ማክሰኞ ቀን። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል።

ሌሊት ነው ብላችሁ እንዳታስቡ... ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች።

ሰውየው ዘይኑልአቢዲን ይባላል። እኛ ዘይኑ እንለዋለን። ስልሳ ሊሞላው ነው። ዕድሜውን በሹፍርና የጨረሰ፣ የቅሬያችን መቃብር ቆፋሪም እሱ ነው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ የምንቀባበርበት። ዘይኑ ሃያ ዓመት ሙሉ ለአላህ ብሎ ቆፍሯል።

አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር አለችው። ጣሪያዋ ቆርቆሮ አይደለም፣ ሸራ ነው። ሸራውም ተበልቶ ተበልቶ ወንፊት ሆኗል።

ሚስቱ ቢልቂስ ደረቷን ያማታል። ሐሙስ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት። ሚኒባስ ላይ ቁጭ ብላ መሄድ አትችልም፤ ትንፋሿ ያጥራል። ከላንድሮቨሯ ኋላ ፍራሽ ተነጥፎላት፣ እግሯን ዘርግታ፣ ተጋድማ ነው የምትሄደው።

ባለፈው ጉዞ ዝናቡ በሸራው ቀዳዳ ገብቶ አበሰበሳት። ሳምንት ሙሉ ስታቃስት ከረመች። ሐኪሙም ዘይኑን ለብቻው ጠርቶ «ሁለተኛ እንዲህ ከበሰበሰች አትተርፍልህም» አለው።

ስለዚህ እስከ ሐሙስ አዲስ ሸራ ማልበስ ነበረበት። በገዛ እጁ።

ከኮምቦልቻ የጭነት መኪና ሸራ ይዞ መጣ። የጆንያ መርፌውን፣ ወስፌውን፣ ማስቲሹን አዘጋጀ። አሮጌውን ሸራ ስፌት ስፌቱን ፈቶ አወረደው። ልክ ሊያወጣበት መሬት ላይ ቢዘረጋው ተኮማትሯል፤ አይሆንም። ጣሪያውን የሚሸከሙትን የብረት ቅስቶች ራሳቸውን መለካት አለበት።

መለኪያ ፈለገ።

ከቤቱ በር ኋላ አንድ ቀጥ ያለ ሸምበቆ ቆሟል። አነሳው። ከየት እንደመጣ አላሰበም።

በሸምበቆው ለካ። በጠመኔ ምልክት አደረገ። ቆረጠ። ቅስቶቹ ላይ ጣል ቢያደርገው...

በኋላ በኩል አንድ ስንዝር ተረፈ።

ቢልቂስ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ታየው ነበር። «ሹፌር ልብስ ሲሰፋ እንዲህ ነው!» አለችው።

«ዝም በይ አንቺ፤ ላንቺው ቤተ መንግሥት እየሠራሁ ነው።»

«ቤተ መንግሥቱ ጅራት አበቀለ በለኛ!»

ሳቁ። የተረፈውን ስንዝር ቆርጦ ጣለው። ሸራውን እንደገና አለበሰው።

አሁንም... አንድ ስንዝር ተረፈ።

ዘይኑ ጎንበስ አለ። ቁራጩ እዚያው እግሩ ሥር ወድቋል። አነሳው። ከተረፈው ጋር አስተያየው። ልክ ለልክ ናቸው።

የቢልቂስ ሳቅ ቆመ።

«ዘይኑ... ቆርጠኸው የለም እንዴ?»

«ቆርጬዋለሁ።»

«እና?»

«እንጃ።»

ሁለተኛ መቁረጥ ፈራ። የተረፈውን ወደ ውስጥ አጠፈውና ሰፋው።

ረቡዕ ፀሐይዋ በረታች። ሸራ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ዘይኑም ያን ሰዓት ጠብቆ በጉልበቱ ሳበው። ፊት ለፊቱን በማስቲሽ አጣበቀ፣ ዳር ዳሩን በብሎን አሰረ። እንደ ድቤ ተወጠረ። በጣቱ ቢመታው ጮኸ።

«አልሐምዱሊላህ» ብሎ የአስር ሶላት ሊሰግድ ሄደ።

ሲመለስ ሸራው እንደተወው አልነበረም።

ከኋላ በኩል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የተገፋ ነገር አለ። ሁለት ጉብታ። ጎን ለጎን።

እንደ ሰው ጉልበት።

የኋላውን መጋረጃ ገለጠ። ማንም የለም። ፍራሹ ብቻ። ፍራሹ ላይ ግን እፍኝ የምታህል ቀይ ጭቃ... ገና እርጥብ።

ወጣ። አንዱን ጉብታ በመዳፉ ተጫነው። ገባለት።

እጁን ሳያነሳ... ጉብታው ቀስ ብሎ መልሶ ገፋው።

ለቢልቂስ አልነገራትም። ምን ይበላት? ቀጠሮው ነገ ነው። ሌላ መኪና የለው፣ ሌላ ሚስት የለችው።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተነሡ። ከባድ ዝናብ ነው። አንዲት ጠብታ አልገባም። ዘይኑ ልቡ ትንሽ መለስ አለለት። ከተማውን እንደወጡ ከኋላ ድምፅ ሰማ፣ የሹክሹክታ ያህል።

«ዘይኑ...»

«አቤት።»

«ቀስ ብለህ ስማኝ። ዞር አትበል።»

«ምነው?»

«ሰውየውን መቼ ነው ያሳፈርከው?»

ዘይኑ መሪውን ጨበጠ። «የቱን ሰውዬ?»

«እግሬ ሥር ያለውን። ቁመታም ነው... ቦታው ጠብቦት ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።»

በመስታወት አየ። ቢልቂስ ብቻ ናት። እግሯን ግን ሰብስባለች። ጉልበቷ ከደረቷ ሊገጥም ነው።

«እግርሽን ምን አድርገሽ ነው? ዘርጊው እንጂ!»

«ኧረ ተው ዘይኑ፣ ነውር ነው» አለችው። «እንግዳ አይደል? እሱ ይዘርጋ ብዬ ነው።»

ቦሩ ሜዳ ደረሱ። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ደስ አለው። ደረቷ ደህና ነው፣ አልበረዳትም። ከአልጋው ውረጂ ሲላት ነው...

እግሯ አልዘረጋም።

ሁለት ሰው ይዞ ሳበው። አልዘረጋም። ራጅ አነሷት። አጥንቱ ደህና ነው፣ ጅማቱ ደህና ነው። «ምንም የለባትም» አሉ። ምንም የሌለባትን ሴት ዘይኑ እንደ ሕፃን ታቅፎ ወደ መኪናው መለሳት።

ሲመለሱ መንገዱን አጋመሱ። ከዚያ እንዲህ አለችው።

«ስሙን ጠየቅኩት።»

«...ማን ነኝ አለሽ?»

«ካሊድ።»

ዘይኑ ፍሬን ያዘ። መኪናዋ መንገድ መሀል ቆመች። ሸምበቆው ከየት እንደመጣ አሁን ትዝ አለው።

በእኛ ቅሬ እንዲህ ነው የሚደረገው። ሰው ሲሞት ቆፋሪው ጀናዛውን ከራስ እስከ እግር በሸምበቆ ይለካል፤ በልኩም ይቆፍራል። ሲቀበር ልኩ አብሮት ይገባል። ልክ ወደ ቤት አይመለስም።

ከዚያ ማክሰኞ ሃያ ቀን በፊት አንድ ሰው ቀብረን ነበር። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ፣ ታሞ መጥቶ ደሴ የሞተ። ዘመድ አልተገኘለትም። ካሊድ ከሚለው ስም በቀር የአባቱን ስም እንኳ የሚያውቅ ጠፋ። ረጅም ሰው ነበር።

የቀብሩ ቀን ዝናቡ ሰማይ የተቀደደ ይመስል ነበር። ጉድጓዱ በእግር በኩል ዓለት አገኘው። አንድ ስንዝር ጎደለ።

ዘይኑ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ «ግማሽ ሰዓት ስጡኝ፣ ዓለቱን ልስበረው» አለ።

ሰው በስብሷል። ሰው ቤቱ መሄድ ፈልጓል።

«ለማን ብለህ ነው?» የሚል ድምፅ መጣ። «ነገ መጥቶ የሚጠይቅህ ዘመድ አለው? እጠፉት።»

አጠፉት። ጉልበቱን አጥፈው አስገቡት።

ሰው ይታጠፋል ልጆቼ። ሸምበቆ ግን አይታጠፍም። ከጉድጓዱ አልገባ አለ። ዘይኑም ጭቃው እንዳይጥለው ሸምበቆውን እየተመረኮዘ፣ ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ ቤቱ ድረስ ይዞት ሄደ። ከበሩ ኋላ አቆመው።

«እጠፉት» ያለው የቅሬው ዳኛ ነው።

የቅሬው ዳኛ እኔ ነኝ።

ያን ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘይኑ ደጄ መጣ። ሸምበቆውን ይዟል። ሰላምታም አላስቀደመ።

«ጋሽ መሕሙድ፣ ይነሡ።»

«ወዴት ነው?»

«ዲጂኖ ይያዙ። ዛሬ የሚቆፍሩት እርስዎ ነዎት።»

«ምን ሆንክ አንተ?»

«ግማሽ ሰዓት ነበር የለመንኩዎ» አለኝ። ድምፁ እንኳ አልጨመረም። «ግማሽ ሰዓት። ሚስቴን ታጥፋ አስቀምጫት ነው የመጣሁ።»

ሄድን። መቃብሩ በእግር በኩል ጉብ ብሎ ነበር፤ ከሥር የተገፋ ይመስል። ጀናዛውን አልነካንም። ዓለቱን ብቻ በዲጂኖ ተያያዝኩት። ዘይኑ ቆሞ ያየኛል፣ አንድም አላገዘኝም። ስንዝር ያህል ፈንቅዬ ስጨርስ ሰዓቴን አየሁ።

ግማሽ ሰዓት። ወላሂ፣ አንዲት ደቂቃ አልበለጠም።

ሸምበቆውን አስገባን። ልክ ገጠመ። አፈር መለስን፣ ዱዓ አደረግን።

ዘይኑ ቤት ስንደርስ የመኪናዋ ሸራ ተወጥሮ ቆሟል። ጉብታው ጠፍቷል። ወደ ውስጥ አጥፎ የሰፋው ስንዝርም የለም፤ ስፌቱ እንዳለ ነው፣ ውስጡ ባዶ።

ሮጠን ወደ ቢልቂስ ገባን።

እግሯ እንደታጠፈ ነው።

ዛሬም እንደታጠፈ ነው። ሆጤ፣ ደጃፏ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ታገኟታላችሁ። ዘይኑ ሰላምታዬን ይመልስልኛል፣ ሰላምታ መመለስ ግዴታ ስለሆነ ብቻ። እሷ ግን ባየችኝ ቁጥር ትስቃለች። እጄን ትስማለች። «እጠፉት» ማለቴን ማንም አልነገራትም።

«ጋሽ መሕሙድ» አለችኝ አንድ ቀን። «ያ እንግዳ... ተመችቶት ይሆን?»

ምን ብዬ ልመልስላት?

ያለፈው ጁምዓ ነው። ሰግጄ ቤቴ ገባሁ። ከቀኑ ሰባት ተኩል። በሩን ስዘጋ ከኋላው አንድ ነገር ተንሸራቶ ወደቀ።

ሸምበቆ ነው። ጫፉ ላይ ቀይ ጭቃ... ገና እርጥብ።

የካሊድ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ግን አጠረብኝ። የካሊድ ረጅም ነበር።

ወለሉ ላይ ዘርግቼው አጠገቡ ተጋደምኩ። አንዱን ጫፍ ከአናቴ አስተካከልኩ። ከዚያ በእጄ እየዳበስኩ ወደ ታች ወረድኩ... ወገቤ... ጉልበቴ...

እግሬ ሳይደርስ አለቀ።

አንድ ስንዝር ይጎድላል።

እኔ ልጆቼ ምንም አልጠይቃችሁም። ዘመድ የሌለው ሰው ስትቀብሩ ብቻ፣ ዝናብም ቢሆን፣ ግማሽ ሰዓት ስጡት። ካሊድን በዱዓችሁ አስቡት። የእኔም ቀን ሲደርስ፣ ከሚቆፍሩት መሀል ከሆናችሁ... ያቺን አንድ ስንዝር አስታውሱልኝ። አደራ።