ያልተጻፈው ፍሬን

ሰውነት ሚኒባሱን ይዞ ጋሸና ወዳለው የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ በገባበት ጠዋት፣ ማኅሌት ጉድጓዱ ውስጥ ሆና የአንድ አይሱዙ ሆድ እያየች ነበር። ፊቱን አላየችም። ከአይሱዙው ጎማ አጠገብ የቆሙ ሁለት ጫማዎች ብቻ ታዩዋት። ድምፁን ግን ወዲያው አወቀችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ልትረሳው ስትታገል የኖረችው ድምፅ ነው።

«የቦሎ ምርመራ እዚህ ነው አሉኝ» አለ ከላይ። «እንደ አምናው እስከ ወልድያ ልሄድ ነበር። ጋሸና ተከፍቷል ሲሉኝ ሰው ስጠይቅ፣ ስጠይቅ መጣሁ።»

«እንኳን ደህና መጣህ» አለችው መዝጋቢዋ ሐቢባ። «ሊብሬህን፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስህን፣ ያምናውን ቦሎ ወዲህ በል። ሳቅህን እዚያው አስቀምጠው፤ እሱን የሚለካ ማሽን የለንም።»

ማኅሌት የእጅ ባትሪዋን አጠፋች። ጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆመች።

ሰውነት የላሊበላ ልጅ ነው። ማኅሌት ወልድያ አውቶ መካኒክ ስትማር፣ ለበዓል ወደ ቤተሰቦቿ ወደ ኮን የሚያመላልሳት እሱ ነበር። ከኋላ ወንበር ወደ ጋቢና ለመምጣት አንድ ዓመት ፈጀባት። ከጋቢና ወደ ልቡ ለመግባት ግን ሁለት ጉዞ በቃት። ትምህርቷን ስትጨርስ ሽማግሌ ላከ።

በማኅሌት አባት ቤት አንድ ወግ አለ። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀርብለትም፤ «በሁለት ሳምንት ተመለሱ» ተብሎ ደጅ ላይ ይሸኛል። ልጅቷ ርካሽ ናት እንዳይባል ነው። በሁለተኛው ቀን ነው ምንጣፍ የሚነጠፈው። የሰውነት ሽማግሌዎች፣ በአጎቱ በአቶ ጋሻዬ መሪነት፣ መጥተው ቆሙ፤ ተሸኙ። በሁለተኛው ቀጠሮ ዘመድ ተሰበሰበ፤ ጠላው ተጠነሰሰ፤ በጉ ታስሮ ዋለ። የመጣ የለም።

ሰውነትም አልደወለም። እሷም ለምን ቀረህ ብላ አልጠየቀችም፤ ኩራቷ አልፈቀደላትም። የኮን ገበያ ግን ስም አወጣላት፤ «ሽማግሌ የቀረባት» አሏት። ማኅሌት ለገበያ መውጣት ትታ ሥራ ፍለጋ ጋሸና ገባች።

እና አሁን በገዛ እግሩ መጣ።

ከጉድጓዱ ወጣች። ሰውነት ሲያያት ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ማኅሌት።»

«ሰሌዳ ቁጥር?» አለችው።

ሚኒባሱን በሥርዓቱ መረመረችው። የኋላ ጎማዎቹ የፍሬን መለኪያው ላይ ሲወጡ ግን የቀኙ መርፌ ከወሰኑ በታች ቀረ። ደገመችው። ያው ነው።

ደንቡ ከሐቢባ ጠረጴዛ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የተገኘ ጉድለት ሁሉ በአንድ ቅጽ፣ በአንድ ጊዜ ይጻፋል። ፍሬኑ የወደቀ መኪና ደግሞ ሰሌዳው ተፈትቶ፣ እስኪጠገን ከግቢ አይወጣም። ማኅሌት ሥልጠና ላይ በዚህ ደንብ ተፈትና አንደኛ የወጣች ናት። ብዕሯን አንስታ ቅጹን አየች። የግራ የፊት መብራቱ ዘሟል። አንድ የኋላ ጎማ ተበልቷል። የእሳት ማጥፊያው ጊዜው አልፏል። ፍሬኑም አለ። ሁሉንም ብትጽፍ ሁሉንም አስጠግኖ ቦሎውን ለጥፎ ይሄዳል። አንድ ጊዜ መጥቶ መሄድ መቼም ያውቅበታል።

«የፊት መብራት፣ ግራ» ብላ ጻፈች። ሌላ አልጻፈችም።

ስለ ፍሬኑ ለራሷ የምትነግረው ምክንያት ነበራት። መርፌው የጎደለው በጥቂት ነው፤ ከዚህ የባሰም መንገድ ላይ ሞልቷል። ለመጨረሻ አስቀመጠችው። ሌላው ሁሉ ሲያልቅለትና ተገላገልሁ ሲል፣ ሰሌዳውን በገዛ እጇ ትፈታለታለች።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። መብራቱ ተስተካክሏል።

«ፍሬቻ፣ ግራ» አለችው ከፊት ቆማ።

አበራ። «ልንገርሽ፣ ማኅሌት።»

«ቀኝ።»

«ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት ጾም ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ እህል ውሃ አልቀመሱም። አጎቴ ጉልበቱን ያመዋል። ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ተመለሰ።»

«ዝናብ መጥረጊያ።»

«ውሃ ከነፈገን ቤት ሴት አናመጣም ብሎ ማለ። ወጋችሁ መሆኑን ማን ይንገረው?»

«እኔ ነግሬህ ነበር። ዝናብ መጥረጊያ አልሁህ።»

መጥረጊያው በደረቁ መስታወት ላይ ተንጫጫ። ሰውነት በዚያ መሀል አጎነበሰ።

«ነግረሽኝ ነበር» አለ። «እኔም አጎቴ ፊት ዝም አልሁ።»

«ለኔስ? ዝም ማለትህን በምን ነገርኸኝ?»

«በዝምታ።»

«ክላክስ» አለችው።

ክላክሱን ረጅም ነፋው። ውጭ የታሰረ በቅሎ ደነበረ። ማኅሌት ቅጹ ላይ «ጎማ፣ የኋላ ግራ» ብላ ጻፈች። ደስ አላት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳምንት ሙሉ ቀን ስትቆጥር ሰነበተች። የምትቆጥረው ለበቀሉ ይሁን ለመምጣቱ ግን ራሷን አልጠየቀችም።

«አንቺየ» አለቻት ሐቢባ ምሳ ሲበሉ። «ደንቡ ሁሉንም ባንዴ ጻፉ አይደል የሚለው?»

«አንዳንዱ ኋላ ነው የሚታየው።»

«ላንቺ? መርፌ ወድቆ የሚታይሽ ለአንቺ? ወላሂ ሰውየውን እንደ ሽንኩርት እየላጥሽው ነው። ሽንኩርት የሚልጥ ደግሞ መጨረሻው ማልቀስ ነው።»

በሦስተኛው ሳምንት ሰውነት ቅጹን ተቀብሎ አነበበ። «የእሳት ማጥፊያ» ይላል። ፈገግ አለ።

«ይሄ ባለፈው ሳምንትም ጊዜው አልፎ ነበር» አለ። «ከዚያ በፊትም።»

«አላየሁትም።»

«ይሁን። ወረቀቱ አሥር መስመር እያለው አንድ አንድ ስትጽፊበት ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ገብቶኛል።»

«ከገባህ ወልድያ አትሄድም?»

«እዚያ የሚመረምሩት ጺማም ወንዶች ናቸው።» ከዚያ ቀልዱን ተወው። «አንድ ጊዜ አልተመለስሁም ነበር፤ አሁን መልሺኝ። የሚቀጥለውን ዛሬ ብትነግሪኝ እንኳ እስከ ሳምንት አላስጠግነውም።»

ማኅሌት ዓይኗን አነሳች። እሱም አላሸሸም። ሁለት ዓመት በደረቷ የተሸከመችው ነገር ትንሽ ሲላላ ተሰማት፤ ተናደደችበትም።

«ሂድ» አለችው።

«ልሂድ። ነገ የአሸተን ማርያም ንግሥ ነው፤ አሥራ አንድ ሰው መናኸሪያ ይጠብቀኛል።»

ከግቢው ሲወጣ በሩ ላይ ጨው የጫነች አህያ መንገዱን ገባችበት። ሰውነት ፍሬን ያዘ። ሚኒባሱ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ አፍንጫውን ወደ ግራ ወርውሮ፣ ጎማው አፈሩን እየጫረ፣ አህያዋን በስንዝር ስቶ አለፈ። ሰውነት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ባለአህያውን ይቅርታ ጠየቀና ሄደ።

ማኅሌት ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። የዛሬ ሁለት ሳምንት በጥቂት ነበር የጎደለው። አሁን ግን ለአህያም አይበቃም።

«ምነው?» አለች ሐቢባ።

«ፍሬኑ።»

«የምን ፍሬን?»

«በመጀመሪያው ቀን ወድቋል። አልጻፍሁትም።»

ሐቢባ ብዕሯን አስቀመጠች። አልቀለደችም። «እና በዚያ ቁልቁለት ሰው ጭኖ ሲመላለስ?»

«አዎ።»

«ሂጂ እንጂ። ምን ያስቆምሻል?»

ማኅሌት ካቻቢቴዋን እንደያዘች ሮጠች። መናኸሪያው ሩቅ አይደለም፤ ግን ስትደርስ ትንፋሿ አልቆ ነበር። ሚኒባሱ ሞልቷል። ሞተሩ ተነስቷል። ከፊቱ ተንበርክካ የሰሌዳውን ብሎን መፍታት ጀመረች።

ሰውነት ወረደ። «የእሳት ማጥፊያ ለዚህ ያደርሳል?»

«ሞተሩን አጥፋ። ሰዎቹ ይውረዱ።»

«ማኅሌት፣ ሰው እያየ ነው።»

«ይየኝ» አለች፣ ቀና ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «የዚህ መኪና ፍሬን ወድቋል። ከወደቀ ሁለት ሳምንት ሆነው። የመረመርሁት እኔ ነኝ። አውቄ ነው የደበቅሁት።»

ጋቢና የተቀመጡት እማማ ሽታዬ፣ በየሳምንቱ ከላሊበላ ጋሸና የሚነግዱ ባልቴት፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ቀስ ብለው ወረዱ።

«ባለፈው ማክሰኞ በዚሁ ስንወርድ?»

«አውቅ ነበር፣ እማማ።»

«እኛንስ ታውቂናለሽ?»

«አላውቅዎትም።»

«ታዲያ ምን አድርገንሽ ነው፣ ልጄ?»

አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ማኅሌት ወደ ብሎኑ ተመለሰች፤ ካቻቢቴው ግን እጇ ላይ እየተንሸራተተ እምቢ አላት። ሰውነት ከእጇ ወሰደው። የቀረውን ብሎን ራሱ ፈታ፤ ሰሌዳውን አነሳና አቀበላት። ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ሌላውን አውቄልሽ ነበር» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይሄንን ግን አላወቅሁም። አብሬሽ የምጫወት መስሎኝ ነበር።»

ተሳፋሪዎቹን በሌላ መኪና አሳፍሮ ሚኒባሱን ቀስ እያለ ወደ ጣቢያው ግቢ መለሰ።

ማኅሌት በዚያኑ ቀን ያደረገችውን በሙሉ በወረቀት ጽፋ ለጣቢያው ኃላፊ ለአቶ ደሳለ ሰጠች። አቶ ደሳለ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ጎበዝ ሠራተኛዬ ነበርሽ» አሏት። «አሁን የሥልጠና ወረቀትሽን አስረክበሽ ከሥራ ውረጂ። ለበላዮች እጽፋለሁ። ይመልሱሽ አይመልሱሽ እኔ አላውቅም።»

ሚኒባሱ አራት ቀን ግቢ ውስጥ ቆመ። ከወልድያ መካኒክ መጣ፤ የቀኙ የኋላ ጎማ ፍሬን በዘይት ርሶ፣ ጎማውን የሚይዘው ሸራ አልቆ ተገኘ። ሰውነት እጅጌውን ሰብስቦ አብሮ ሠራ። ማኅሌት መዝገቦቿን ልታስረክብ ስትገባና ስትወጣ፣ አንድም ቀን ቀና ብሎ አላያትም። እሱን ልትረሳ ከታገለችባቸው ሁለት ዓመታት እነዚህ አራት ቀናት ረዘሙባት።

በአምስተኛው ቀን አቶ ደሳለ ራሳቸው ፍሬኑን ለኩ። አለፈ። ቦሎው ተለጠፈ። ማኅሌት ልብሷን በፌስታል ይዛ ከግቢው ስትወጣ ሚኒባሱ አጠገቧ ቆመ። የጋቢናው በር ተከፈተ።

«ግቢ።»

«ወዴት?»

«ቁልቁለቱን ልወርድ ነው። ሌላ ሰው አልጫንሁም።»

«ልትበቀለኝ ነው?»

«አዎ» አለ።

ገባች።

የላሊበላው መንገድ ከደጋው ጫፍ ላይ ወደ ታች እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ወገን ዓይን የሚያዞር ገደል ነው። ሰውነት አልፈጠነም። በየጠመዝማዛው ፍሬን ሲይዝ ማኅሌት የኋላውን ቀኝ ጎማ በጆሮዋ ትከተላለች። ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ አቆመ።

«እዚህ ጋ ባለፈው ማክሰኞ አይሱዙ ወጣብኝ» አለ። «ወደ ገደሉ ሳበኝ። እማማ ሽታዬ ማርያምን ጠሩ። እኔ ሳቅሁባቸው፤ መንገዱ ላይ ጠጠር አለ ብዬ።»

ማኅሌት ገደሉን አየች። ከታች፣ በጣም ከታች፣ የገብስ ማሳዎች ቢጫ መሀረብ አክለዋል። አፏን በእጇ ያዘች።

«ይሄ ነው የኔ በቀል» አለ ሰውነት። «እንድታይው ነው። አበቃ። አሁን ያንቺን ንገሪኝ። ሁሉንም፣ ባንዴ።»

መኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ፤ እሷም ጀመረች። ከጎረቤት የተዋሱትን አግዳሚ ወንበር፣ ሲመሽ እየተሸከሙ ሲመልሱት ማንም ማንንም አለማየቱን ነገረችው። እናቷ ጋኑን ሸፍና ጓዳ ገብታ መቅረቷን ነገረችው። በርበሬ ልትገዛ ሄዳ ከኋላዋ የሰማችውን ስም ነገረችው። ስልኳን ትራስ ሥር አድርጋ ያደረችባቸውን ሌሊቶች፣ በመጨረሻም እንዲሞት የተመኘችበትን ቀን ነገረችው።

«በአጎቴ አላመካኝም» አለ ስትጨርስ። «የቀረሁት እኔ ነኝ። ከነገ ወዲያ ኮን እሄዳለሁ። ሽማግሌ አልልክም፤ ራሴ ደጁ ላይ እቆማለሁ።»

«አባዬ ያባርርሃል።»

«ያባርረኝ። አንቺ መመለስ አስለምደሽኛል።»

ሳቋ ሳታስበው አመለጣት፤ ከሳቁ ጋር እንባዋም ወረደ። «ይቅር አላልሁህም» አለች።

«እኔም ገና ነኝ» አለ። «መንገዱ ረጅም ነው።»

ትልቁ ቁልቁለት ከፊታቸው ተዘረጋ። ሰውነት ወደ እግሯ አየት አደረገ። የማኅሌት ቀኝ እግር ከጋሸና ጀምሮ የጋቢናውን ወለል ተረክዙ እስኪደነዝዝ ረግጦ ይዟል።

«እግርሽን አንሺ» አላት በለሆሳስ። «ፍሬኑ ያለው በኔ በኩል ነው።»

ማኅሌት እግሯን ከወለሉ ላይ አነሳች፣ አጠፈችና ወንበሩ ላይ ሰበሰበችው። ሚኒባሱ ወደ ታች መውረድ ጀመረ።