ቀዩ ደፍ

ያ የማዕበል ወራት ክፉ ነበር። ዝናቡ ይጀምራል እንጂ አያባራም። ቦዩ ሞልቶ መንገዱን ዋጠው። ኒው ኦርሊንስ ጎብኚ ጠፋባት። በትሬሜ ሰፈር ሁለት ሙዚቀኞች ተከታትለው ሞቱ፤ ሰው ሲገናኝ «ሦስተኛው ማን ይሆን?» ይባባል ነበር።

ኦዛይት ማስጎብኘቷን አልተወችም። ጃንጥላዋን ከፍ አድርጋ ከፊት ትሄዳለች፤ የተገኘው ሰው ይከተላታል። ጃዝ ሲነፋባቸው የኖሩትን ቤቶች፣ የቩዱ አስማት አዋቂዎች የኖሩበትን ጓሮ ታሳያለች። አንድ ቀን በአሮጊቷ በእማማ ፊሎሜን ደጃፍ ቆማ ከኪሷ ቀይ ዱቄት ቆንጥራ አወጣች።

«የጡብ ዱቄት ነው። ደፍ ላይ ይነሰነሳል። ክፋት ይዞ የመጣ አያልፈውም።»

ደረጃው ላይ ትሮምቦን የሚባለውን መለከት ታቅፎ የተቀመጠ ሰው ሳቀ። የእማማ ፊሎሜን ልጅ ክሎቪስ ነው፤ ከዓመታት በፊት ከተማዋን ካጠፋው ጎርፍ በኋላ ሰው አገር ሄዶ ገና መመለሱ ነበር።

«አንቺስ ታልፊዋለሽ?»

«እኔ? ዘልዬ!»

«አፍሽ ነው ወይስ እግርሽ የሚያልፈው?»

ጎብኚዎቹ ሳቁባት። ተናዳ ሄደች። የመንገዱ ጥግ ጋ ስትደርስ ግን ዞር አለች... እሱም ገና እያያት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከጎብኚዎቹ ኋላ ይከተላት ጀመር።

«ለምን ትከተለኛለህ? ሰፈሩን ታውቀዋለህ!»

«ሰፈሩን አውቀዋለሁ። የማላውቀው አንቺን ነው።»

ወደደችው። ግን ያስለው ነበር። ሲያስል ሰፈርተኛው ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ዓይኑን ያሸሻል።

«እናቴ እሑድ ምሳ ጠርታሻለች» አላት።

ሄደች። በሩ ክፍት ነው፤ የጋምቦ ሾርባ ሽታ ያውዳል። ደፉ ላይ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ዱቄት ተነስንሷል።

«ግቢ እንጂ፣ ልጄ» አሉ እማማ ፊሎሜን ከውስጥ ቆመው። «ምን ያዘሽ?»

ኦዛይት እግሯን አነሳች። መልሳ እዚያው አሳረፈችው።

«አየህ!» ብለው ጮኹ አሮጊቷ ወደ ክሎቪስ ዞረው። «ከበሮ መቺው አባቷ ነው የላካት! ያለ ሸኚ የተቀበረ ሙት አያርፍም። ሁለቱን ሙዚቀኞች ወሰደ፤ አሁን የቀረኸው አንተ ነህ!»

ክሎቪስ ዱቄቱን አየ።

ዝምታው ገደላት። በዝናቡ ውስጥ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ጎብኚዎቿን በሌላ መንገድ ወሰደች። ክሎቪስ አልጋ ላይ ነው ሲባል ሰማች፤ አልሄደችም። አንድ ጠዋት ከስቶ በሯን አንኳኳ።

«ያን ቀን ለምን ዝም አልክ?» አለችው።

«ፈራሁ። ልዋሽሽ? አንቺስ ለምን አላለፍሽም?»

ከበሩ ገለል ብላ አስገባችው።

«ዱቄቱ እውነቱን ነው። ቂም ይዤ ነበር የመጣሁት። አባቴ የዚህን ሰፈር ሙት ሁሉ በከበሮው ሸኘ፤ አባትህንም። በጎርፉ ጊዜ እሱ በሰው አገር ሲሞት አንድ መለከት አልተነፋለትም። ውሃው ጎድሎ እናትህና ሰፈሩ ሲመለሱም ስሙን ያነሳ የለም። አንተን ወደድኩ... ቤታችሁን ግን ይቅር አላልኩም!»

ክሎቪስ ወደ ክፍሉ ጥግ ተመለከተ። የአባቷ ትልቅ ከበሮ ቆዳው ተቀድዶ ተቀምጧል።

«ቀብር ብድር ነው» አለ። «ከበሮውን ስጪኝ።»

ቅዳሜ ከበሮው ጥቁር ጨርቅ ለብሶ በበቅሎ ጋሪ ወጣ። ሬሳ የለም፤ ሰፈሩ ግን ተከተለ። ሰማዩ ጠቁሮ ይዘንባል። ክሎቪስ ከሰፈሩ የሙዚቃ ባንድ ፊት ሆኖ የሐዘኑን ዜማ ይነፋል። ሳል ያቋርጠዋል፤ አፉን ጠርጎ ይቀጥላል።

«ተው ልጄ፣ ትሞትብኛለህ!» አሉ እማማ ፊሎሜን ከበራቸው።

አልተወም። ጋሪው ደጃፋቸው ላይ ቆመ። አሮጊቷ ከበሮውን አዩት፤ ባላቸውን የሸኘው ነው። ገብተው መጥረጊያ ይዘው ወጡ። ቀዩ ዱቄት ከዝናቡ ጋር ወደ ቦዩ ወረደ። ከዚያ ወርደው የኦዛይትን ክንድ ያዙ።

«ያለብን ብድር አስፈርቶኝ ነው፣ ልጄ።»

መካነ መቃብሩ በር ላይ የሙዚቃ ባንዱ ጸጥ አለ። በሰፈሩ ወግ ሙት ተሰናብቶ ሲለቀቅ ዜማው ይፈጥናል፣ ሰው ይጨፍራል።

«አባትሽን ልልቀቃቸው?» አላት ክሎቪስ።

ኦዛይት ከጨርቁ ሥር የተቀደደውን ቆዳ ዳሰሰች።

«ልቀቀው። ሂድ፣ አባዬ...»

ትሮምቦኑ ጮኸ። ትሬሜ ጨፈረች።

ሲመለሱ ክሎቪስ በእናቱ ቤት ደፍ ጋ አስቆማት።

«አፍሽ ነው ወይስ እግርሽ?»

«እግሬ ነው!» አለችና ገባች።

ክሎቪስ ሳለ። ሁለቱ ሴቶች ደንግጠው ተያዩ።

«በርበሬው ነው» አሉ እማማ ፊሎሜን ቶሎ ብለው። «ተቀመጡ፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ።»

ሦስት ሰዎች ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ግን አራት ሳህን ቀርቧል፤ መጀመሪያ የተቀዳው ለከበሮ መቺው አባቷ ነበር።