ሾላ ኩሬ ውስጥ የተገኘው ዋናተኛ

ቅዳሜ ጥቅምት 13 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ ከወገዳ ከተማ በታች ያለው ሾላ ኩሬ እንዲህ ነበር። ውሃው አይነቃነቅም። በወዲያኛው ዳር፣ ደንገሉ ሥር፣ ጣት የሚያካክሉ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። በወዲህኛው ዳር ሣሩ ላይ ሸሚዝና ሱሪ በሥርዓት ታጥፈዋል፤ ጫማዎቹ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከልብሱ አራት እርምጃ ርቆ፣ የሃያ ሰባት ዓመቱ መምህር ይርጋ ዓባይ በዋና ቁምጣ ብቻ ውሃው ላይ ተደፍቷል። የቁምጣው ገመድ ከዳር የወጣ የሾላ ዛፍ ሥር ላይ ተጠምጥሞ ይዞታል።

ሬሳውን መጀመሪያ ያየው ከብት ይዞ በዳገቱ የሚያልፍ ገበሬ ነው። የጋይንት አውራጃ ፖሊስ መርማሪ መቶ አለቃ መልአኩ ለሌላ ጉዳይ ከነፋስ መውጫ ወገዳ ከመጣ ገና ሁለተኛ ቀኑ ስለነበር ጥሪው በቀጥታ ለእሱ ደረሰ። የተሰበሰበውን ሰው ከሃያ እርምጃ ወዲያ አስቁሞ ብቻውን ወረደ። መጀመሪያ የሄደው ወደ ሬሳው አልነበረም። ተንበርክኮ ሸሚዙን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው። ልብሱን አነሣው፤ ከሥሩ ያለው ሣር በጤዛ ርሷል። ሁለቱንም ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ሬሳውን ያስወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የጤና ጣቢያዋ ድሬሰር ዘነበች አስከሬኑን መረመረች።

«ሰምጦ ነው?» አላት።

«የሰመጠ ሰው አፉና አፍንጫው አረፋ ይይዛል። ይሄ የለውም። እዚህ ጋ ይንኩት፤ ከጆሮው በስተኋላ አጥንቱ ገብቷል።»

«ሲዘል ድንጋይ መትቶት ቢሆንስ?»

«ሾላ ኩሬ ድንጋይ የለውም፣ መቶ አለቃ። ጭቃ ነው። ልጆቻችንን ዋና ያስተማረው እዚሁ እኮ ነው።» ዓይኗን ጠርጋ ቁምጣውን ስታይ ቆየች። «ይኸ ገመድ ደግሞ... የእኔን ልጅ በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተቆጥቶታል! ‹አስረህ ወደ ውስጥ ክተተው፣ ሥር ይይዝሃል› ይል ነበር። የራሱን ውጭ ይተወዋል?»

ይርጋ ከሰዓት በኋላ ተቀበረ። ባሕር ዳር ላይ በተደረጉ ውድድሮች ሁለት ሜዳሊያ ያመጣ ዋናተኛ ነበር፤ ወገዳ ግን የምትወደው በትያትሩ ነው። ጨርቅና ድስት ከየቤቱ ለምኖ መድረክ ያቆመ፣ ታዳሚውን ሆዱን እስኪይዝ ያሳቀ ሰው ነበር። ከቀብር ሲመለሱ አባቱ አቶ ዓባይ የመቶ አለቃውን ክንድ ያዙ።

«ገዳዩን አውቀዋለሁ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ካሳ ነው። ሁለት ሳምንት አይሆነውም፣ በሰው ፊት ‹ያን ትያትር ካወጣ ዋናውም አያድነው› ብሎታል።»

«ትያትሩ ስለ ምን ነበር?»

«የራሱን ልጅ ደብቆ የድሃ ልጅ ለዘመቻ ስለሚጽፍ ሹም።»

«አባቴ፣ ጊዜ ይስጡኝ።»

«ሰኞ ሣልስቱ ነው። እስከዚያ ቤልጅግ ጠመንጃዬ ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች። ከዚያ ወዲያ ግን አንተም አትመልሳትም።»

ካሳ መቶ አለቃውን ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ቆሞ ተቀበለው።

«ጓድ ካሳ፣ ዝተውበታል?»

«ዝቻለሁ። ምን እክዳለሁ? መቶ ሰው ሰምቷል።»

«ዓርብ ሾላ ኩሬ ወርደው ነበር?»

«ብርብራ የተነሰነሰበት ውሃ ምን ልሠራ?» አለ ካሳ። «ዓርብ ረፋዱ ላይ ነው የተነሰነሰው። ዓሣው ከተለቀመ በኋላ ሁለት ቀን ሰውም ከብትም እንዳይገባ በጥሩምባ ያስነገርኩት እኔ ነኝ።»

የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲነሰነስ ዓሣውን ያደነዝዘዋል። ዓሣው ይንሳፈፋል፤ ሰው ገብቶ ይለቅማል፤ ከዚያ ውሃው እስኪጠራ ማንም አይጠጋውም።

«ይርጋ ሰምቷል?»

«ተማሪዎቹን ሰብስቦ ‹እንዳትወርዱ› ያለው እሱው ነው። ጠላቴ ነበር፣ ጓድ። ጅል ግን አልነበረም።»

እሑድ መልአኩ ወደ ትያትሩ አዳራሽ ሄደ። የይርጋ እጮኛና የቡድኑ ተዋናይ ማንአለሽ ጥቁር ለብሳ አዲሱን የመድረክ መጋረጃ ታጥፋለች።

«ዓርብ የት ዋልሽ?»

«እንደ ሰው ሁሉ ዓሣ ስለቅም። እሱ እዚሁ ቀረ። መጋረጃውን የሚያመጣውን ካሣሁንን እየጠበቀ ነበር።»

«መጋረጃውን ካሣሁን ለማን ሰጠው?»

«ለእኔ። ቅዳሜ ጠዋት፣ እሪታው ከመሰማቱ በፊት። ከነፋስ መውጫ በበቅሎ ነው ያመጣው። ሰኞ ሄዶ ዓርብ ሲመሽ ገባ።»

መልአኩ የመጋረጃውን ጫፍ ዘረጋው። አንድ ጎኑ በጭጎጎት ፍሬ ተሞልቷል፤ በሾላ ኩሬ ዳር የሚያልፈውን ሁሉ የሚይዘው ያ አረም ነው። ሦስት ፍሬ ነቅሎ በወረቀት ጠቀለለ።

«ይርጋን ከመቼ ጀምሮ ታውቂዋለሽ?»

«ከሁለት ዓመት በፊት፣ የበሽሎ ወንዝ ሞልቶ ሲወስደኝ ካወጣኝ ቀን ጀምሮ። ሁለት ነበርን የተወሰድነው። ሌላው አስናቀ አለባቸው የሚባል የእስቴ ሰው ነው። ለእሱ አልደረሰለትም። እስኪሞት ድረስ ያ ነገር ያባንነው ነበር።»

ካሣሁን የመድረክ ሠራተኛ ነው፤ ቡድኑን ከተቀላቀለ ዓመት ሆኖታል። መልአኩ በቅሎውን ሲያበላ አገኘው።

«ይርጋን መጨረሻ መቼ አየኸው?»

«ዓርብ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከመንገድ ስመለስ። ሾላ ኩሬ ውስጥ እየዋኘ ነበር። ዓሣው ከፊቱ እየዘለለ ሲሸሽ አይቼ ‹አንተን ዓሣም አይቀድምህ!› ብዬ ጮህኩለት። እጁን አወዛወዘልኝ።»

«የይለፍ ወረቀትህን ልየው።»

ወረቀቱ «ካሣሁን አለባቸው፤ ትውልድ እስቴ» ይላል። መልአኩ አመስግኖ መለሰለት።

ሰኞ በአቶ ዓባይ ደጅ ዳስ ተጥሎ ከተማው ተሰበሰበ። በመካከል የይርጋ ሁለት ሜዳሊያዎችና በትያትር አሮጊት ሲሆን የሚለብሰው ቀሚስ ተዘርግተዋል።

«በዚህ ቀሚስ እናቱን መስሎ ሲወጣ ሰው ሁሉ ሳቀ» አሉ አቶ ዓባይ። «እኔ አለቀስኩ። ሚስቴን ሁለተኛ ያየኋት በእሱ ነው።» ጠመንጃው ጉልበታቸው ላይ ነው። ካሳ ባይመጣ ጥፋቱን ያመነ ስለሚመስል መጥቶ ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል። አቶ ዓባይ ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም።

መልአኩ በሁለቱ መካከል ቆመ።

«ይርጋ አልሰመጠም» አለ። «ተመትቶ ከሞተ በኋላ ነው ውሃ የገባው። ቁምጣውን ያለበሰው ሌላ ሰው ነው፤ ገመዱን ወደ ውስጥ መክተት አላወቀበትም። ልብሱ ዓርብ ማታ ሣሩ ላይ ቢሆን ኖሮ ጤዛው ልብሱን ያርሰው ነበር። ልብሱ ደረቅ፣ ከሥሩ ያለው ሣር ርጥብ ነው። ስለዚህ የተቀመጠው ጤዛው ከወረደ በኋላ፣ ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ነው።»

«ማን አስቀመጠው?» አሉ አቶ ዓባይ።

«ሲዋኝ የሞተ ለማስመሰል የፈለገ ሰው። ብርብራ የተነሰነሰበትን ኩሬ ለዚህ የሚመርጥ ግን ስለ ብርብራው ያልሰማ ብቻ ነው። ጓድ ካሳ ራሱ ነው ያስነገረው። ማንአለሽ ዓሣ ስትለቅም ውላለች። ከተማው ሁሉ ያውቃል።» ወደ ካሣሁን ዞረ። «አንተ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ መንገድ ላይ ነበርክ። ረፋዱን የሞተውን ዓሣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲዘል አየሁ አልከኝ።»

መልአኩ ወደ ካሣሁን ቀረበ።

«ሬሳውን ጠቅልለህ በበቅሎህ የጫንክበት መጋረጃ የኩሬው ዳር ጭጎጎት ይዟል። ጠዋት እስክትሰጣት ድረስ ከእጅህ አልወጣም። ቀሪውን የይለፍ ወረቀትህ ነገረኝ። አስናቀ አለባቸው ወንድምህ ነው።»

ካሣሁን ቀስ ብሎ ተነሣ። አልሸሸም።

«ነው» አለ። «ከበሽሎ ዳር ሆኜ በዓይኔ አየሁ። አስናቀ ሁለት ክንድ ይርቀው ነበር። ይርጋ እያየው አልፎት ሄደ፤ እሷን አወጣ። ዓመት ሙሉ መድረኩን ጠረግሁለት፤ ሳቀልኝ፣ አቀፈኝ፣ ማን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም። ዓርብ ማታ አዳራሹ ውስጥ መጋረጃ ልስቀል ስል ጀርባውን ሰጠኝ። በመዶሻ አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። ደሜን መለስኩ፤ አይቆጨኝም።»

«ወንድምህ ግንድ ይዞ ነበር!» ማንአለሽ ጮኸች። «እኔ ፊቴ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ቀድሞ የሚሰምጠውን አነሣ። ግንዱ እንደሚሰበር በምን ይወቅ? ዓመት ሙሉ አብረኸን ስትበላ አንድ ቀን ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። አሁን በሕይወትህ ሙሉ ስማው!»



አቶ ዓባይ ተነሥተው አፈሙዙን ወደ እሱ አዞሩ። መልአኩ ፊታቸው ገባ።

«ዞር በልልኝ» አሉት።

«አልልም፣ አባቴ።»

ሽማግሌው ካሣሁንን አዩት። ከዚያ አፈሙዙን አወረዱ።

«ውሰደው» አሉ። «ዛሬ ብተኩስ ይገላገላል። ልጅቷ ያለችውን እያሰበ ይኑር። ሲወጣ እኔ እዚሁ ነኝ።»

 ካሳም ቆቡን አንሥቶ በጎን ወጣ።

በመጋቢት ወር ፍርድ ቤቱ ካሣሁን አለባቸውን በሃያ ዓመት እስራት ቀጣው። በዚያን ዕለት አቶ ዓባይ የስድሳ አንድ ዓመት ሰው ነበሩ፤ ካሣሁን ሲወጣ ሰማንያ አንድ ይሞላቸዋል።