ከመጋረጃው ጀርባ ሦስት ዓመት

ሁለት ቴአትር ጽፋ ሁለቱንም አላየችም። አሁን ሦስተኛው ሊደርስ ነው።

ይህ ነገር ሆዷ ውስጥ ከተቀመጠ ሦስት ዓመቱ ነው። ሰው ሲሰማው ቀልድ ይመስለዋል። የጻፈችው ልጅ እንዴት አታይም? አታይማ! መጋረጃው ሲከፈት እሷ ከመድረኩ በስተግራ፣ ተመልካች በማያያት ጥግ፣ መደገፊያው በወለቀ ወንበር ላይ፣ ጽሑፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትቀመጣለች። ተዋናይ ቃል ሲጠፋው ወደ እሷ ዞር ይላል፤ እሷ በሹክሹክታ ታስታውሰዋለች። ከዚያ ቦታ የሚታየው የተዋናዮች ጆሮና የአንድ ጠረጴዛ ግማሽ ነው። ትምህርት ቤቱም ስሟን ትቶ «ሹክሹክ» ካላት ቆይቷል።

የምትጽፈው ከጓደኛዋ ጋር ነው። ጓደኛዋ ሐሳብ ታመጣለች፣ ቀልድ ትጨምራለች። ሹክሹክ ቁጭ ብላ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ እንደገና ትጽፋለች። ቀኑ ሲደርስ ግን ጓደኛዋ የፊት ወንበር ይዛ ታያለች፤ ሲያልቅ እየሮጠች መጥታ ትተርክላታለች።

«ውይ፣ እዚያ ጋ ሰው እንዴት እንደሳቀ ብታዪ!»

ብታዪ! ይቺ ቃል ናት አንጀቷን የምታሳርራት።

የዘንድሮው ቴአትር ስለ አንድ አባት ነው፤ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሰውየው ማታ ማታ ድክም ብሎ ይገባል። ልጁ ትምህርት ልታቋርጥ ማሰቧን ልትነግረው አፏን ስትከፍት፣ እሱ ማንኪያ እንደያዘ እንቅልፍ ይጥለዋል። መጨረሻ ላይ ዐይኑን ሳይገልጥ ይናገራል። ለካ ሁሉንም ሲሰማት ነበር። ይህ ንግግር አሥራ አንድ መስመር ነው። ለአሥራ አንድ መስመር ሁለት ወር ፈጅታለች። የቀዳችው ከእናቷ ነው። እናቷ የሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ ባለችበት ታንቀላፋለች።

አባቱን የሚጫወተው «ኮከቡ» የሚሉት ልጅ ነው። መልክና ድምፅ አለው፤ ማጥናት የሚባል ነገር ግን አያውቅም። ረቡዕ ዕለት ልምምድ ላይ እንዲህ ሆነ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ...» አለና አንገቱን ወደ ግራ አዞረ።

«ተኝቼ አላውቅም» አለች ሹክሹክ።

«ተኝቼ አላውቅም። የምትዪኝን ሁሉ... እ...» ደግሞ ዞረ።

ጽሑፉን ዘጋችው።

«ምን ሆንሽ? አንቺም እንደ ሹፌሩ ተኛሽ እንዴ?»

«ለምን አታጠናም?»

«አንቺ እያለሽልኝ ጭንቅላቴን ላጨናንቅ?» ሲል ሌሎቹ ሳቁ።

ሹክሹክ አልሳቀችም። ተነስታ መድረኩ ላይ ወጣች። «ቅዳሜ እኔ የለሁም። አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ ነው የማየው።»

የድራማ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን አሸት አሸት አደረገ። ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ክፍለ ጊዜ ሲያስተምር ነው የዋለው። «እባክሽ የኔ ልጅ፣ አሁን የኩርፊያ ሰዓት አይደለም።»

«አላኮረፍኩም ቲቸር። ደከመኝ።»

«ሁላችንም ደክሞናል።»

እውነቱን ነው፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። ቢሆንም ወደኋላ አላለችም። «ሦስት ቀን አለ፤ አሥራ አንድ መስመር ናት፤ ያጥናት። ካልሆነም ሌላ ሰው ይቀመጥ።» ይህን ብላ ጓደኛዋን አየቻት።

«እኔን ነው?» አለች ጓደኛዋ። «ኧረ እኔን ተዪኝ! የአክስቶቼ ልጆች በሙሉ ይመጣሉ።»

«የኔም እናት ትመጣለች።»

ኮከቡ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና «ትመጫለሽ ባክሽ፣ አናውቅሽም እንዴ!» ብሏት ወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጽሑፉን ወንበሯ ላይ አስቀመጠች፤ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ፣ እንዳይታጠፍ አንድ ቁራጭ እንጨት ጭና። መምህሩ ጠረጴዛ ሲጎትት አገኘችው።

«ቲቸር፣ ጽሑፉ ወንበሩ ላይ ነው። እኔ እንዳልኩት አዳራሽ ነኝ።»

«እሺ፣ እሺ፣ ይቺን በዚያ በኩል ያዢልኝ» አላት። መስማቱን እንጃ። ጠረጴዛውን አብራው ተሸክማ አስቀመጠችና በጎን በር ወጣች።

እናቷ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ፈረቃ ተቀያይራ መጥታ፣ ሰባተኛው ረድፍ ዳር ላይ ተቀምጣለች። እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል።

«አምና ዐይኔን ሳንከራትት ነው ያለቀው» አለች። «ዛሬስ የት ነው የምትሆኚው?»

«እዚሁ ነኝ።»

መጋረጃው ተከፈተ። ጠረጴዛው ሙሉ ሆኖ ታያት። ተዋናዮቹ ፊት አላቸው! ጓደኛዋ ቀልድ ያስገባችበት ቦታ ላይ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እሷ የጻፈችው ቦታ ላይ ጸጥ አለ። አባትየው ማንኪያ እንደያዘ ሲያንቀላፋ እናቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«አንቺ! እኔን እኮ ነው ያወጣሽኝ!»

የመጨረሻው ንግግር ደረሰ። ኮከቡ አንድ መስመር አለ፣ ሁለት አለ፣ ሦስተኛውን ጨረሰና ቆመ። አንገቱን ወደ ግራ አዞረ። ማንም የለም። ሰው መጀመሪያ የቴአትሩ ክፍል መስሎት ነበር። ቆይቶ ግን አንዱ ሳለ፣ ሌላው ወንበሩን አንቋቋ። ጓደኛዋ ከፊት ተነስታ በዐይኗ ስትፈልጋት ቆየችና ስታገኛት፣ በሁለት እጇ «ሂጂ!» አለቻት። መምህሩም ከጎን በር አንገቱን ብቅ አድርጎ በጣቶቹ ጠራት።

«ረሳው እንዴ?» አለች እናቷ። «አንቺ ታውቂው የለ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ሄደሽ ንገሪው እንጂ! ልጁ ላብ በላብ ሆነ እኮ!»

አራተኛው መስመር ምላሷ ላይ ነበር። ብትሄድ ሁለት ወር የለፋችበት ንግግር ሳይጎድል ይሰማል፤ እሷ ግን ጆሮውን ነው የምታየው። ብትቀር ታያለች፤ የምታየው ግን የፈረሰውን ነው። እግሯ ሳታዝዘው ለመነሳት አንዴ ተንቀሳቅሶ ነበር። መልሳ አስቀመጠችው።

«አልሄድም እማዬ።»

መምህሩ ደግሞ ጠራት። ሰው እያየ፣ ፊት ለፊት፣ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀችበት።

ኮከቡ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ልጄ...» አለ፣ «ደክሞኛል። ነገ... ነገ ንገሪኝ በቃ።» ራሱን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ይህ የትም አልተጻፈም። ስምንት መስመር ቀለጠ። ልጅቷን የምትጫወተዋ ተዋናይ የምታደርገው ጠፍቷት መሃል መድረክ ላይ ቆማ ቀረች።

«እንዲህ ነው የጻፍሽው?» አለች እናቷ።

«አይደለም።»

«ምን ነበር የሚለው?»

ሹክሹክ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ለቀቀችው። ከመድረኩ ላይ ዐይኗን አላነሳችም።

«ቤት እነግርሻለሁ። አሁን ልየው።»