ለእህቱ ያስመጣው መኪና

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ አራት ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ የመንገድ ሥራ ኢንጂነሩ ከሦስት ቀን በፊት ግቢው ባስገባው ነጭ መኪና ሥር በጀርባው እንደተንጋለለ ሞቶ ተገኘ። እግሮቹ ውጭ ነበሩ። የእጅ ባትሪው አምልጦት ግድግዳው ሥር እንደበራ ወድቋል። መኪናው ከፍ ካለበት ዝቅ ብሎ ያን ሰፊ ደረቱን ተጭኖት ነበር። መካኒክ የሆነው ታናሽ ወንድሙ በክሪክ ከፍ አድርጎ ጎትቶ ሲያወጣው ትንፋሽ አልነበረውም።

ኢንስፔክተሯ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰች። አጭር፣ ቀጭን፣ ፀጉሯ ገብስማ የሆነ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ጠባብ ቀዳዳ ካገኘች ሳትገባበት አትመለስም።

«አደጋ ነው፣» አላት ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «ከውጭ የመጣ ያገለገለ መኪና ነው። ሞላው በአየር ነው የሚሠራው አሉ። አየሩ አምልጦት ወረደበት።»

«አምልጦት ከሆነ ያመለጠበት ቀዳዳ ይኖራላ። ባለሙያ ጥሩና ይፈልግልኝ። ከሬሳው መነሳት በኋላ መኪናውን የከፈተ ሰው አለ?»

«ማንም አልነካውም። ሲገኝም በሩ አልተቆለፈም ነበር።»

ኢንስፔክተሯ በሩን ከፍታ መሪው ፊት ተቀመጠች። መኪና መንዳት አትችልም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ነድቶላት ነው የኖረችው። ግን እግሯ ሳትንጠራራ ፍሬኑ ላይ አረፈ። ቀና ስትል የኋላው መንገድ በመስታወቱ መሀል ቁልጭ ብሎ ታያት። ከዚያ በመስኮቱ አሻግራ አንሶላ የለበሰውን አስከሬን አየች። አንሶላው አጥሮት ጫማዎቹ ወጥተዋል። ከመኪናው ወረደች።

ከሟቹ ኪስ አንድ የመኪና ቁልፍ ተገኘ። ሌላ ምንም የለም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ግቢው ውስጥ ከኢንጂነሩ ሌላ አራት ሰዎች ነበሩ፦ ሚስቱ፣ እህቱ፣ ታናሽ ወንድሙና መኪናውን ያመጣለት አስመጪ። ኢንስፔክተሯ ሳሎን ተቀምጣ በየተራ አስጠራቻቸው።

አስመጪው ገና ከመግባቱ ላቡን ጠረገ። «እመኑኝ፣ መኪናው እንከን የለውም። እኔ በረንዳ ላይ ስልክ እያናገርኩ ነበር። መጀመሪያ ሞተሩን አስነስቶ ከፍ ሲያደርገው ሰማሁ፣ አጠፋው። ትንሽ ቆይቶ የአየር ድምፅ፣ ፉሽ! ስደርስ...»

«ይረጋጉ። እኔ ስለ መኪና አላውቅም፤ እንደ ልጅ ያስረዱኝ። ከፍ ያለ መኪና እንዴት ዝቅ ይላል?»

«ይሄን የመረጠውም ለዚሁ ነው። አራት ወር ሙሉ አሥራ አንድ መኪና አሳየሁት፤ አሥራ አንዱንም ጣለው። አንዱን ወንበሩ ከፍ አለ፣ አንዱን በሩ ጠበበ እያለ። ይሄ ግን ሲከፈት እንደ ግመል በርከክ ይላል። ሁለት ቁልፍ አለው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ባለቤቱን ያውቃል። በአንደኛው፣ ከሩቅም ቢሆን፣ ሲከፈት ወንበሩና መስታወቱ የተመዘገበለትን ሰው ልክ ይይዛሉ፣ መኪናውም ዝቅ ይላል። ሁለተኛው የእሱ ነው፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ይገፋለታል እንጂ መኪናው ንቅንቅ አይልም።»

«በእሱ ቁልፍ ከፍ አድርጎት ከገባበትስ?»

«እንደቆመ ይቆማል። ያኛው ቁልፍ ካልጠራው በስተቀር።»

«ያኛው ቁልፍ የማን ነው?»

«የእህቱ። ግራ እግሯ አይታጠፍም፤ ረጅም መኪና ላይ መውጣት አትችልም። እስከ ሐሙስ ድረስ ግን እኔ ለባለቤቱ መስሎኝ ነበር። እሷም አጭር ናት፤ ዝቅ ማለቱ ለእሷ ነው ብዬ። ቀለሙን፣ የወንበሩን ቆዳ፣ ሁሉንም እሷ ናት የመረጠችው። ስልክ ላይ ‹ቆይ ልጠይቃት› ይለኝ ነበር።»

ቀጥሎ መካኒኩ ገባ። ዓይኑ ቀልቷል፤ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው።

«ፒክአፔ አልነሳ ብሎኝ ውጭ በር ላይ እየታገልኩ ነበር። ለዚያ ምስክር የለኝም፤ እንደፈለጋችሁ አድርጉኝ።»

«ወንድምህን ተጣልተኸው ነበር?»

«አኩርፌዋለሁ። ወንድሙ መካኒክ ሆኜ ቁጭ ብዬ፣ መኪና ለመምረጥ የሚያማክረው ያንን ቀብራራ ነው! አራት ወር ሙሉ ደጄን ረግጦ ‹አንተስ ምን ትላለህ› አላለኝም። ሌላው ሁሉ ሲያውቅ እኔ ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። በግኜ፣ ‹በረዶ ለማቅለጥ ጨው ከሚበተንበት አገር ነው የመጣው፤ ሥሩ ዝጎ ይሆናል፣ ሆዱን አይተኸዋል?› አልኩት። ሳቀብኝ። ከዚያ ሊያይ ገባ... እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

ሚስቲቱ ከንፈሯን እንደተቀባች ገብታ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ተቀመጠች። አላለቀሰችም።

«መኪናው ለማን እንደመጣ ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ለእህቱ። ጥሩ ወንድም ነበር።»

«አልከፋዎትም?»

«ለምን ይከፋኛል? ለምሳ የጠራናትም ልናስረክባት ነው።»

«ተቀምጠውበት ያውቃሉ?»

«በሩን እንኳ አልነካሁም።»

«የእህቱ ቁልፍ የት አለ?»

ሚስቲቱ ወደ ኩሽና ሄዳ በሰማያዊ ሪባን የታሰረች ትንሽ ሣጥን አመጣች። «ትናንት ከሰዓት እኔው ራሴ አስሬ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኳት። ከዚያ ወዲህ የነካት ሰው የለም።»

ኢንስፔክተሯ ሣጥኗን ተቀብላ ቋጠሮውን በጣቷ ዳሰሰችው። የኩሽናው መስኮት በጓሮው በኩል መኪናው ወደቆመበት እንደሚያሳይም ልብ አለች።

መጨረሻ ላይ የገባችው እህቲቱ ናት። መምህርት ነች። በምርኩዝ ተደግፋ ገብታ፣ ግራ እግሯን ፊቷ ዘርግታ ተቀመጠች።

«ከሦስት ሰዓት ጀምሬ እዚሁ ሳሎን ነበርኩ። አንዴ ከተቀመጥኩ መነሳት ጣጣ ነው። ታናሼ ነው ያመጣኝ። መኪና እንዳለም አላወቅኩም፤ ምሳ ብለው ነው የጠሩኝ።»

«ከተቀመጡበት ኩሽናው ይታያል?»

«በሩ ክፍት ከሆነ። እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ከዚያ ዞር ስትል ሪባን በጥርሷ ይዛ ስታጠብቅ አየኋት። ስጦታ መሰለኝና ፊቴን አዞርኩ፤ ደስታዋን እንዳላበላሽባት ብዬ። ወዲያው አስመጪው ጮኸ።»

«ይህን ለሌላ ሰው ነግረዋል?»

«ምኑን? ሪባኑን?» አለች መምህርቷ፣ ግራ ገብቷት።

ስምንት ሰዓት ላይ ባለሙያው ምርመራውን ጨረሰ። አንድም የአየር ማምለጫ አልተገኘም፤ መኪናው ጤነኛ ነው። ኢንስፔክተሯ አራቱንም ጓሮ አስጠራችና መኪናው አጠገብ አቆመቻቸው። ለመምህርቷ ወንበር አስመጣችላት።

«አስመጪው ይተንፍስ፤ የሸጠው መኪና ሰው አልገደለም፣» ብላ ጀመረች። «መኪናው የወረደው ታዞ ነው። ያዘዘው ማን እንደሆነ ደግሞ መኪናው ራሱ ይዞልን ቆይቷል። ሟቹ ሥሩ ከመግባቱ በፊት በራሱ ቁልፍ ከፍቶ፣ ሞተር አስነስቶ፣ ከፍ አድርጎታል። ያኔ ወንበሩ ለእሱ ቁመት ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው። እኔ ስቀመጥበት ግን እግሬ ፍሬኑ ላይ ደረሰ። የእኔን ቁመት ታያላችሁ። እሱ ሥሩ ተኝቶ ሳለ፣ አንድ ሰው በሌላኛው ቁልፍ ከፍቶታል። መኪናው ወረደ፤ ወንበሩም ወደ ፊት መጣ።»

«የእህቴ ቁልፍ እኮ ነው እሱ!» አለ መካኒኩ። «እሷ ደግሞ ከሳሎን አልተነሳችም።»

«ቁልፉ ለእሷ የታሰበ ነው፤ ወንበሩ ግን የእሷ አይደለም። መምህርት፣ እንዲህ በቀረበ ወንበር ላይ መቀመጥ ይችላሉ?»

መምህርቷ ወንበሩን ተመለከተችና ራሷን ነቀነቀች። «እግሬ የት ይገባል? ለእኔ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ካልሄደ አይሆንም።»

«እርስዎም አስመጪ፣ በዚህ ሆድ አይሞከርም። አንተም እንደ ወንድምህ ረጅም ነህ። በዚያ ቁልፍ ላይ ልኳን ያስመዘገበችው ሁለት እግሯ የሚታጠፍ አጭር ሴት ናት።» ኢንስፔክተሯ ወደ ሚስቲቱ ዞረች። «በሩን እንኳ አልነካሁም ብለውኛል። እስቲ ይቀመጡበት።»

«አልቀመጥም።»

«እሺ፤ ላስገድድዎት አልሻም፣ ላስረዳ። ቁልፉ ከትናንት ጀምሮ ከሣጥኑ አልወጣም አሉኝ። መምህርቷ ግን ዛሬ ጠዋት፣ ጩኸቱ ሊሰማ አፍታ ሲቀረው፣ ሪባኑን በጥርስዎ ሲያጠብቁ አይታለች። ቋጠሮው ላይ የከንፈር ቀለም አለ፤ እዚህ ቤት ከንፈሯን የተቀባች ሴት አንድ ብቻ ናት። ከኩሽናው መስኮት እስከዚህ አሥር እርምጃ አይሞላም፤ ቁልፉ ከዚያም በላይ ርቀት ይሠራል። ቤት ለቀው መውጣት አላስፈለገዎትም። ለማን እንደመጣ ከመጀመሪያው አውቅ ነበር ያሉኝም ውሸት ነው። ለራሴ ነው ብሎ ያላመነ ሰው በሰው ቁልፍ ላይ ልኩን አያስመዘግብም።»

ሚስቲቱ ዳግም ሳትለመን ወደ መኪናው ሄዳ መሪው ፊት ተቀመጠች። ልክክ አለላት።

«አራት ወር፣» አለች መሪውን እየዳሰሰች። «አራት ወር ሙሉ ‹የቱ ቀለም ይሻላል፣ የቱ ወንበር ይመችሻል› እያለ ጠየቀኝ። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ? ሚስቱ ነኛ! ረቡዕ ቁልፉን ሰጥቶኝ ‹እስቲ ግቢበት› አለኝ። ወንበሩን ለራሴ አስተካክዬ መዘገብኩት። ለጓደኞቼ ሁሉ ደወልኩ። ሐሙስ ዕለት ጠርቶኝ... ‹እህቴ ትወደው ይሆን?› አለኝ።»

እጇን ከመሪው ላይ አነሳች።

«ፊቴን እንኳ አላየውም። በደስታ ሰክሮ መኪናውን ዝቅ እያደረገ ያሳየኛል። ‹አየሽ እንዴት እንደሚያከብራት› ይለኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእሱ ጋር ስኖር፣ ለእኔ እሱ ራሱ አንድ ቀን ዝቅ ብሎ አያውቅም። ስታመም የላከልኝ ሾፌሩን ነው። የእሷ እግር ባመማት ቁጥር ግን እንቅልፍ ያጣል። ዛሬ ሣጥኑን ፈትቼ ቁልፉን ለመጨረሻ ጊዜ ልየው አልኩ። በመስኮቱ ቀና ስል እግሩ ተዘርግቷል። ለእሷ ሲል ልብሱን አቆሽሾ መሬት ላይ ተኝቷል። ያን ሳይ አንጀቴ እርር አለ።»

«ቁልፉን ሲጫኑ እሱ እንደሚሞት ያውቁ ነበር?»

ሚስቲቱ ከመኪናው ወረደች።

«መኪናው እንደሚወርድ አውቅ ነበር፣» አለች። «ቀሪውን አላሰብኩም ብል ታምኚኛለሽ?»

ኢንስፔክተሯ ለፖሊሱ ምልክት ሰጠችው።

ሚስቲቱን ይዘዋት ሲሄዱ መምህርቷ በምርኩዟ ተደግፋ ተነሳች። ሁሉም የምትሰድባት መስሏቸው ነበር። እሷ ግን ሚስቲቱ የተወሰደችበትን በር ስታይ ቆየች።

«መኪና አምጣልኝ አላልኩትም፣» አለች ለኢንስፔክተሯ። «ቢጠይቀኝ እንቢ እለው ነበር። እኔ እኮ በእሷ ስቀና ነው የኖርኩት። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን የሚያወልቀው እሷ ዘንድ ነው፤ የሚያኮርፈውም የሚስቀውም እሷ ዘንድ። እኔ ጋ ሲመጣ አንድ ነገር ይዞ ይመጣና፣ አስረክቦኝ ሰዓቱን ያያል። ቁጭ ብሎ አጫውቶኝ አያውቅም። ‹እሷ ሁሉ ነገር አላት› እል ነበር።»

«ይህን ነግረዋት ያውቃሉ?»

«ምን ብዬ?»

ፒክአፑ ተጠግኖ በሩ ላይ ቆሟል። መካኒኩ እህቱን ብብቷን ይዞ ወደ ላይ አነሳት፤ ወንበሩ ከፍ ያለ ስለነበር እንደምንም ነው ያስቀመጣት። ዞሮ ገብቶ መሪውን ያዘ፣ ግን ሞተሩን አላስነሳም።

«እኔ ነኝ ሥሩን እይ ያልኩት፣» አለ። «በእልክ ነው እኮ እትዬ። መኪናውስ ምንም አልነበረውም።»

መሪው ላይ ተደፍቶ ማልቀስ ጀመረ። እሷም አላቻኮለችውም። እጇን ጀርባው ላይ አሳርፋ፣ ለቅሶው እስኪወጣለት ድረስ ጠበቀችው።