የእትዬ ጽጌ መቋሚያ

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ መሥሪያ ቤት እንኳን ሴቶቹ ስለ መንፈስ ማውራት ሲጀምሩ ሻዬን ይዤ የምነሳ ነኝ፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ «ይቺም ጀመራት» እንዳትሉኝ፣ በቃ የሆነውን እንደሆነ ነው የማወራው።

ፒያኖ መማር የጀመርኩት በሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሳቁ፣ ሁሉም ስቋል። አስተማሪዬ እትዬ ጽጌ ይባላሉ፣ ካዛንቺስ ውስጥ ወለሉ ጣውላ የሆነ አሮጌ ቤት ነበራቸው፣ የመሪጌታ ልጅ ስለሆኑ ምት የሚቆጥረውን ማሽን አይወዱም፣ የአባታቸውን መቋሚያ ይዘው ከጀርባዬ ይቆሙና ጣውላውን ኳ! ኳ! ኳ! ኳ! ያደርጉልኛል። ሕጋቸው አንድ ነው፣ ምቱን በትክክል ከያዝሽ መቋሚያው ዝም ይላል፣ ካልያዝሽ ይቀጥላል። በሦስት ዓመት ውስጥ ዝም ያለበትን ቀን በጣቴ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ።

የማታ የሙዚቃ ትምህርት ለመግባት ፈተና አለ፣ ለሱ ያዘጋጁልኝ ሙዚቃ ሲ ማይነር በሚባል ቅኝት በአራት ምት የተጻፈ ነው፣ ፍጥነቱ አንዳንቴ፣ ማለቴ በሰው እርምጃ፣ ስሜቱ ደግሞ ኀዘን። ችግሬ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። ማይነር ስሰማ ጆሮዬ ትዝታ ነው የሚለኝ፣ ትዝታ ከሆነ ደግሞ እንደለመድነው መጎተት፣ ማባባት፣ ድምፁን ማንጠልጠል ያምረኛል። «አታላዝኚበት!» ይሉኛል እትዬ። «ይሄ ሰውዬ አዝኗል፣ ግን እየሄደ ነው! መቼ ቆመ?» አንድ ቀንማ ሲመርራቸው ክንዴን ይዘው ከቤታቸው እስከ ኡራኤል በእግር ወሰዱኝ፣ መንገዱን ሙሉ በመቋሚያው አስፋልቱን እየመቱ፣ ሰው ሁሉ እያየን፣ እኔ በሀፍረት ልሞት። ይሄ ሁሉ ሆኖ ፈተናው ላይ ጎተትኩትና ወደቅኩ። የሚፈቀደው ደግሞ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ሰፈሩ ሊፈርስ ሆነ፣ ቤቱ ሳይፈርስ እሳቸው ቀደሙ። ከመሞታቸው በፊት ሆስፒታል ሄጄ ሳያቸው እጄን ያዝ አድርገው «ሁለተኛውን ገጽ አደራ» አሉኝ፣ ሌላ ነገር አላሉኝም። ዘመዶቻቸው ፒያኖውን ለኔ፣ መቋሚያውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጡ። ፒያኖውን ቄራ ወደተከራየኋት ክፍል አስገባሁት። ወለሏ ሲሚንቶ ነው፣ ይቺን ልብ በሉልኝ።

ሐሙስ ነው፣ ሁለተኛው ፈተና ቅዳሜ። ከሥራ ገብቼ ተቀመጥኩ፣ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም፣ መብራት አለ፣ ውጭ ሰው ይተላለፋል። አንደኛው ገጽ ደህና ሄደ። ሁለተኛው ላይ እትዬ ትዝ አሉኝና እንደ ልማዴ ጎተት ሳደርግ፣ ኳ።

ቆምኩ። ቆመ። እንደገና ስጀምር ኳ! ኳ! ኳ! ኳ! እመኑኝ፣ ጣውላ ሲመታ ነው፣ ሲሚንቶ እንዲያ አይጮህም። ከግድግዳዬ ጀርባ አናጢው ጋሽ ሸምሱ አሉ፣ በቃ እሳቸው ናቸው ብዬ ወጣሁ። በራቸው ላይ ተቀምጠው ሬድዮ ይሰማሉ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ እባክዎ መዶሻውን ለዛሬ ይተዉልኝ፣ ፈተና አለብኝ።»

«የምን መዶሻ? እኔ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ዘግቻለሁ፣ ወላሂ» አሉ፣ ከዚያ ደግሞ ፈገግ ብለው፣ «እኔማ አስተማሪ ያመጣሽ መስሎኝ። ጎበዝ ናት፣ አትምርሽም።»

ናት አሉ እኮ! እኔ ስለ ሴት አላነሳሁም። ግን ምን ልሁን፣ ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው፣ ተመልሼ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። «እሺ እትዬ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ማን ቀድሞ እንደሚደክመው እናያለን።»

እንባዬ እየወረደ መታሁ። ፈርቼ ብቻ አይደለም፣ ናፍቀውኛል። እኔ ስጎትት ምቱ አይጠብቀኝም፣ ጥሎኝ ይሄዳል፣ እንደገና ከላይ እጀምራለሁ። ስምንተኛው ይሁን ዘጠነኛው ላይ እያለቀስኩም ቢሆን እግሬ የኡራኤሉ መንገድ ላይ እንዳለ ሁሉ ሳልቆም፣ ሳልጎትት እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፣ ክፍሉ ጸጥ ብሏል።

ቅዳሜም ያው፣ ኮሽ ያለ ነገር የለም፣ ሳልጎትት ጨረስኩና አለፍኩ። ደስታዬን አልነግራችሁም፣ ከፈተናው ቤት እስከ ኦሎምፒያ ድረስ ብቻዬን እየሳቅኩ ነው የሄድኩት። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጭንቀት ነው፣ ድካም ነው ብዬ እተወው ነበር።

ዛሬ የመጀመሪያ ትምህርቴ ነበር። አዲስ ሙዚቃ በፖስታ አሽገው ሰጡኝ፣ ቤት ሄዳችሁ ክፈቱት አሉን። ፖስታውን እንደታሸገ ፒያኖው ላይ አስቀምጬ ጫማዬን ሳወልቅ ጀመረ። ኳ፣ ቀስ ብሎ ኳ፣ ኳ። ኳ፣ ቀስ ብሎ ኳ፣ ኳ። አንድ ጠንካራ፣ ሁለት ለስላሳ።

«እትዬ፣ አራት ነው እኮ» አልኩ፣ አፌ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። ምቱ አልተለወጠም። ፖስታውን ቀድጄ የመጀመሪያውን መስመር አየሁ። በሦስት ምት ነው የተጻፈው።

ይሄን በስልኬ ስጽፍላችሁ የፒያኖው ክዳን እንደተዘጋ ነው፣ አንድም ቁልፍ አልነካሁም፣ እሱ ግን ሳይፈጥን ሳይዘገይ ከጀርባዬ ይመታል። መዞር አልፈልግም፣ አልዞርም። እስክይዘው ድረስ እንደማያቆሙ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ስልኩን ላስቀምጥና ክዳኑን ልክፈት።